ከባሕር ማዶ ሆኖ በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ መስጠት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

የአሜሪካ ዜግነት ይዛችሁ አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ናይሮቢ የምትኖሩ ከሆነ፣ ወይም የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆናችሁ ጀርመን፣ ኮሪያ ወይም ጅቡቲ ከተመደባችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የምክር ቤቱና የሴኔቱ ምርጫ ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ይካሄዳል። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 24 ቀን 2019 መሆኑ ነው። ያን ቀን ሰፈራችሁ ያለው ምርጫ ጣቢያ መገኘት አትችሉ ይሆናል። ድምፃችሁ ግን ሊቆጠር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው «የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ከየት አገኛለሁ?» እያለ ነው። እሱ ቀላሉ ነው፤ በኢሜይል ይመጣል። ፈተናው ያለው ሞልቶ መመለሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከኋላ ወደ ፊት አስቡ። መጀመሪያ በምን እንደምትመልሱ ወስኑ፣ የቀረው በዚያ ልክ ይስተካከላል።

ማንን ይመለከታል?

መብቱ የተደነገገው በፈረንጆች 1986 በወጣ የፌደራል ሕግ ነው። ሕጉ ወታደሮችን፣ አብረዋቸው ያሉ ባለቤቶቻቸውንና ቤተሰቦቻቸውን፣ እንዲሁም ከአሜሪካ ውጭ የሚኖሩ ዜጎችን ይሸፍናል። በ2009 ደግሞ ተጠናከረ። ስቴቶች ቀድሞ ለጠየቃቸው ሰው ባዶውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ከምርጫው ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብለው መላክ ግዴታቸው ሆነ። በኢሜይል ወይም በኢንተርኔት ይድረሰኝ ላለም ሰው እንደዚያው ማድረግ አለባቸው። ኖታሪ ካላስመታችሁ ብለው ድምፃችሁን መጣልም አይችሉም።

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። ይህ ሁሉ ለዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የአሜሪካን ዩኒፎርም ለብሶ እያገለገለ እንኳ ቢሆን በፌደራል ምርጫ መምረጥ አይችልም። ቢመርጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሳል። አንድ ቤት ውስጥ ባል ዜጋ፣ ሚስት ገና ግሪን ካርድ ላይ ከሆነች ቅጹን የሚሞላው ባል ብቻ ነው። «እግረ መንገዷን እሷም ትሙላ» የሚባል ነገር የለም።

አዲስ አበባ ተመልሳችሁ የምትኖሩ ደግሞ ቢጫ ካርድ ይኖራችሁ ይሆናል። ቢጫ ካርዱ ለመኖርና ለመሥራት ያገለግላል። በኢትዮጵያ ምርጫ መምረጥን ግን አይፈቅድም፤ አዋጁ በግልጽ ይከለክላል። ስለዚህ ድምፅ ያላችሁ በአሜሪካ ብቻ ነው። እሱንም ርቀት አስቦ መተው ያሳዝነኛል።

ማመልከቻው አንድ ነው

ሁሉም ነገር የሚጀምረው በአንድ ቅጽ ነው፤ ስሙ ኤፍፒሲኤ ይባላል። ባንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። ያልተመዘገበውን ያስመዘግባል፣ የድምፅ መስጫ ወረቀትም ይጠይቃል። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የምርጫ እርዳታ ፕሮግራም ድረ ገጽ፣ ኤፍቪኤፒ ዶት ጎቭ፣ ላይ በነጻ ይገኛል። ሞልታችሁ፣ አትማችሁና ፈርማችሁ በመጨረሻ ለኖራችሁበት ካውንቲ ምርጫ ቢሮ ትልካላችሁ። በአብዛኛው ስቴት ስካን አድርጎ በኢሜይል መላክ ይቻላል።

በየዓመቱ ጃንዩወሪ ላይ፣ ደግሞም አድራሻ በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ሙሉ። አምና ሞልቻለሁ ብሎ መቀመጥ አያዋጣም፤ የድሮው ሕግ ለሁለት አጠቃላይ ምርጫዎች ያስኬድ ነበር፣ አሁን እንደዚያ አይደለም። ጃንዩወሪ ያለፈው ሰው እስከ ኦገስት መጀመሪያ ቢልክ እፎይ ይላል።

ቅጹ የሚጠይቀው የአሜሪካ አድራሻ ብዙ ሰው ያደናግራል። «ቤቱን ሸጫለሁ፣ አድራሻ የለኝም» ይላሉ። የሚፈለገው ከአሜሪካ ከመውጣታችሁ በፊት በመጨረሻ የኖራችሁበት ቤት ነው። ቤቱ ተሽጦ ሌላ ሰው ቢገባበትም፣ ኪራይ ቤት የነበረም ቢሆን ያው ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ግን አይሆንም። ወታደር ከሆናችሁ ሕጋዊ መኖሪያዬ ብላችሁ ያስመዘገባችሁት ስቴት ያለው አድራሻ ይገባል።

መቀበያ፦ ኢሜይል ወይስ ፖስታ?

ኢሜይል። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ በፖስታ ሣጥን ነው የሚደርሰው። ሣጥን የሌለው ሰው በዘመድ ወይም በመሥሪያ ቤት ሣጥን አስልኮ መጠበቅ ሊኖርበት ነው። በኢሜይል ከሆነ ስቴቱ በላከበት ሰዓት እጃችሁ ይገባል፤ መልሶ ለመላክም 45ቱ ቀን ሙሉ ለሙሉ የእናንተ ይሆናል። ከዚህ የሚለየው መርከብ ላይ ወይም ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ ያለ ወታደር ብቻ ነው። እሱ በወታደራዊው ፖስታ ይጠይቅ።

ኢሜይል የመረጠ ሰው የስፓም ማኅደሩንም ይፈትሽ። በ2026 የ45 ቀኑ ገደብ ሴፕቴምበር 19፣ መስከረም 9 ላይ ይውላል። እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ ከመስቀል በፊት ማለት ነው። ለማስታወስ አመቺ ነው። ደመራው ተለኩሶ ወረቀቱ ካልመጣላችሁ ዝም አትበሉ፤ ከታች የምነግራችሁን የመጠባበቂያ ወረቀት አንሱ።

መመለሻ፦ ዋናው ጉዳይ

መመለሻችሁን የሚወስነው የምትኖሩበት አገር ሳይሆን የመጣችሁበት ስቴት ነው። አንድ ቦሌ አፓርትመንት ውስጥ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ ከሲያትል፣ አንዷ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቢመጡ መንገዳቸው ለየቅል ነው። የሲያትሉ ሞልቶ፣ ፈርሞ በኢሜይል መልሶ ይገላገላል፤ የዋሽንግተን ስቴት ኢሜይልም ፋክስም ይቀበላል። የሲልቨር ስፕሪንጓ ወረቀቱን በኢሜይል ብትቀበልም የምትመልሰው በወረቀት ነው፤ ሜሪላንድ የተሞላ ድምፅ በኢሜይል አይቀበልም።

የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸውን ላንሳ። ሚኒሶታና ጆርጂያ እንደ ሜሪላንድ ናቸው፤ በወረቀት ካልሆነ አይሆንም። ዋሽንግተን ዲሲ ኢሜይልና ፋክስ ይቀበላል። ካሊፎርኒያ ኢሜይል አይቀበልም፣ በፋክስ ግን ይቻላል፤ የድምፁን ሚስጥራዊነት መተዋችሁን የሚገልጽ ቃለ መሐላ አብሮ ይላካል። ቴክሳስ በፖስታ ነው፤ ፋክስ የሚፈቅደው ውጊያ ባለበት ወይም አደጋ በሚያሰጋበት ቀጠና ላለ ወታደር ነው። ኮሎራዶ በኤሌክትሮኒክስ የምትቀበለው የፖስታ አገልግሎት ከሌለ ወይም የማያስተማምን ከሆነ ነው። ኔቫዳ ከሁሉም ትቀላለች፤ ኢዝ በሚባል የራሷ ድረ ገጽ ከምዝገባ እስከ መመለስ ሁሉም እዚያው ያልቃል። የላስ ቬጋስ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። የሌላ ስቴት ሰው ኤፍቪኤፒ ላይ የስቴቱን ገጽ ከፍቶ ያንብብ። ሕጎቹ ስለሚለዋወጡ ከላይ የጻፍኩላችሁንም በዚያው አረጋግጡ።

*ኢሜይል ለተፈቀደለት።* ፈጣን ነው፣ ወጪ የለውም። ግን ሁለት ነገር ታጣላችሁ። የመጀመሪያው ሚስጥር ነው፤ ቢሮው ውስጥ ወረቀቱን ከፍቶ የሚያትም ሰው ስማችሁንም ድምፃችሁንም ሊያይ ይችላል። ሁለተኛው ደኅንነት ነው። በ2020 ኤፍቢአይን ጨምሮ አራት የፌደራል መሥሪያ ቤቶች የተሞላ ድምፅ በኢንተርኔት መመለስ ከፍተኛ ስጋት አለው ብለው ለስቴቶች ጽፈዋል። የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው፦ ጊዜ ካላችሁና ወረቀት መላክ ከቻላችሁ ወረቀት ይበልጣል። ኦክቶበር ከተጋመሰ ግን ኢሜይል። ሚስጥሩ ተጠብቆ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ አይቆጠርም።

*በኤምባሲ በኩል።* የአሜሪካ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች የዜጎችን የድምፅ ወረቀት ተቀብለው በዲፕሎማቲክ ፖስታ ወደ አሜሪካ ይልካሉ። አዲስ አበባ ላለ ሰው እንጦጦ መንገድ ያለው ኤምባሲ ነው። ወደ አሜሪካ ለመድረስ የሚከፈል የለም። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ፖስታው አሜሪካ ሲደርስ ወደ መደበኛው ፖስታ ቤት ስለሚገባ የአሜሪካ ቴምብር ወይም «ክፍያው ተከፍሏል» የሚለው ምልክት ሊኖረው ይገባል። ምልክቱ ያለበት የፖስታ ንድፍ ኤፍቪኤፒ ላይ አለ፤ ፖስታው ላይ ማተም ነው። የዚህ መንገድ ድክመቱ ጊዜው ነው፤ እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ መስከረም 9 ከደረሳችሁ ከመስከረም 26 በፊት ኤምባሲው ጋ አድርሱት። ከዚያ በኋላ በዚህ መንገድ መላክ ቁማር ነው።

*በዲኤችኤልና በመሰሎቹ።* ከኪስ ታወጣላችሁ፤ ግን በቀናት ውስጥ ይደርሳል፣ የት እንደደረሰም ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ። ፖስታ ብቻ የሚቀበል ስቴት ላለውና ለዘገየ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ድርጅቶች ፖስታ ሣጥን ላይ አያደርሱም። ብዙ የምርጫ ቢሮ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚያትመው የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ቢሮው በአካል ያለበትን የመንገድ ስምና ቁጥር ከካውንቲው ድረ ገጽ ፈልጉ።

*በኢትዮጵያ ፖስታ።* በፈጣን መልእክት፣ በኢኤምኤስ፣ ከሆነ መከታተያ ቁጥር አለው፤ ቀደም ብሎ ለተነሳ ሰው ይሆናል። በተራው የአየር ፖስታ ግን አልመክርም።

*በሰው እጅ።* ይህን ሳላነሳ ባልፍ ማንም አያምነኝም፤ እኛ በርበሬውንም ሰነዱንም በሰው ነው የምንልከው። ወደ አሜሪካ የሚበር ዘመድ ፖስታውን ይዞ ደለስ አየር ማረፊያ ሲያርፍ ሣጥን ውስጥ ቢከትልን ፈጣን ይመስላል። ችግሩ ሕጉ ነው። የሌላ ሰው የተሞላ ድምፅ ማን መያዝ እንደሚችል ስቴቶች በሕግ ይወስናሉ። ጆርጂያ ለምሳሌ ለቤተሰብና አብሮ ለሚኖር ሰው ካልሆነ በስተቀር አትፈቅድም። የጎረቤት ልጅ፣ የማኅበር ጓደኛ አይሆንም። የስቴታችሁን ሕግ ሳታነቡ ሰውን ችግር ውስጥ አትክተቱ።

ወታደር ለሆናችሁ

እናንተ የተሻለ መንገድ አላችሁ። ኤፒኦ ወይም ኤፍፒኦ የሚባለው የወታደራዊ ፖስታ አድራሻ ያለው ወታደርና አብሮት ያለ ቤተሰብ ለአጠቃላይ ምርጫ ጊዜ የሞላውን ወረቀት ጦር ሰፈሩ ፖስታ ቤት ሲሰጥ ሌብል 11 ዶድ የሚባል የፈጣን መልእክት መለያ ይለጠፍለታል። ክፍያ የለውም፤ መከታተያ ቁጥርም አለው። ጠይቁ፤ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ረስቶት ቢሆን እንኳ ስሙን ስትጠሩ ያውቀዋል። ተቀዶ የሚሰጣችሁን ደረሰኝ አትጣሉ፣ ቁጥሩ እሱ ላይ ነው።

በየክፍሉ የምርጫ ረዳት ሆኖ የተመደበ መኮንን ወይም ባለማዕረግ አለ። ሥራው ቅጹን መስጠትና ማስረዳት ነው። ማንን እንደምትመርጡ ሊጠይቃችሁ አይችልም። ጅቡቲ ካምፕ ሌሞኒየር ያለ ልጅም፣ ጀርመን ራምስታይን ያለችውም እኩል መብት አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ሆናችሁ ከቤታችሁ ርቃችሁ የተመደባችሁም በዚሁ ሕግ ትሸፈናላችሁ፤ ከቴክሳስ ተመልምላችሁ ኖርዝ ካሮላይና ፎርት ብራግ ብትሆኑ የቴክሳስ ድምፃችሁን በዚሁ ቅጽ ትጠይቃላችሁ።

ልጃችሁ ወታደር የሆነላችሁ ወላጆች፣ ይህን ላኩለት። አሥራ ዘጠኝና ሃያ ዓመት ላይ ያለ ልጅ ጃንዩወሪ ላይ ቅጽ መሙላት ትዝ አይለውም።

ወረቀቱ ከቀረባችሁስ?

ኤፍዋብ የሚባል የመጠባበቂያ ወረቀት አለ። ጠይቃችሁ ያልመጣ ወይም የዘገየ ከሆነ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ የምትመርጡትን ሰው ስም ወይም የፓርቲውን ስም በእጃችሁ ጽፋችሁ ትልካላችሁ። በኋላ መደበኛው ቢመጣ እሱንም ሙሉና ላኩ። ሁለቱም ቢደርሱ የሚቆጠረው መደበኛው ብቻ ነው። ሁለቴ መምረጥ አይሆንም፤ ሕጉ ራሱ ነው እንዲህ ያዘጋጀው። ብዙ ሰው ፈርቶ ይተወዋል፤ አትፍሩ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። በብዙ ስቴት ኤፍዋብ የሚሠራው ቀደም ብሎ ኤፍፒሲኤ ለላከ ሰው ነው። ወታደር ያልሆነ ሰው ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ሆኖ ነው መላክ ያለበት።

ለኖቬምበር ወደ አሜሪካ ለመሄድ ያሰበ ሰውስ? የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ቀናት ባሉበት ስቴት በአካል መምረጥ ከሁሉም ይበልጣል። ወረቀት ጠይቃችሁ ከነበረ ግን ይዛችሁት ሂዱ፤ መልሱ ሊሏችሁ ይችላሉ። ትኬት ሳይቆረጥ በዚህ አትተማመኑ።

ሙሉ ወረቀት ወይስ የፌደራሉን ብቻ?

ቅጹ መጀመሪያ ላይ ካሉት ሣጥኖች አንዱን ምልክት አድርጉ ይላል። ወታደር ያልሆነ ሰው ሦስት አማራጭ አለው፦ የመመለስ ሐሳብ አለኝ፣ መመለሴን እርግጠኛ አይደለሁም፣ አሜሪካ ኖሬ አላውቅም። ሰው ሳያስብበት አንዱ ላይ ምልክት ያደርግና ያልፋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

«እመለሳለሁ» ያለ ሰው ሙሉውን ወረቀት ያገኛል፤ ገዢውን፣ ከንቲባውን፣ የትምህርት ቦርዱን ሁሉ። «እርግጠኛ አይደለሁም» ያለ ሰው በአንዳንድ ስቴት የሚደርሰው የፌደራሉ ብቻ ነው፤ በ2026 የተወካዮች ምክር ቤትና፣ ተራው በደረሰ ስቴት፣ ሴኔት። በሌላ በኩል ሕጉ ለፌደራል ምርጫ ብቻ መምረጥ የስቴት ግብር ነዋሪነትን እንደማይነካ ይናገራል። በስቴትና በከተማ ምርጫ መሳተፍ ግን ነዋሪነትን ለማሳየት ሊጠቀስ ይችላል። ጡረታ ወጥታችሁ ጠቅልላችሁ የገባችሁ፣ የስቴት ግብር ውስጥ መግባት የማትፈልጉ ከሆነ የፌደራሉ ይበቃል። ለሁለት ዓመት ሥራ የመጣ፣ ልጆቹ ፌርፋክስ ትምህርት ቤት የሚመለሱለት ሰው ግን ሙሉውን ይጠይቅ። የትምህርት ቦርዱ የእሱ ጉዳይ ነው። ብቻ እውነቱን ምልክት አድርጉ፤ የምትፈርሙት በሐሰት ቢገኝ በሚያስጠይቅ ቃል ነው።

አዲስ አበባ ተወልደው በወላጅ ዜግነት ያገኙ፣ አሜሪካ ኖረው የማያውቁ ልጆች ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። ብዙ ስቴቶች በወላጅ የመጨረሻ አድራሻ እንዲመርጡ ይፈቅዳሉ፣ ሌሎቹ አይፈቅዱም። ይህ ሣጥን ምን ያህል ክርክር እንደሚያስነሳ ኖርዝ ካሮላይና አሳይታለች። በ2024 ለስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተደረገ ምርጫ ዳኛ አሊሰን ሪግስ ጄፈርሰን ግሪፈንን በ734 ድምፅ ብቻ በለጡ። ግሪፈን ከስድሳ ሺህ በላይ ድምፆች ይጣሉ ብለው ተከራከሩ። ከነዚህ ውስጥ የፎቶ መታወቂያ ኮፒ ያላያያዙ ወታደሮችና ውጭ አገር ያሉ ዜጎች ነበሩበት፤ አሜሪካ ኖረው የማያውቁ ልጆችም እንዲሁ። የወቅቱ የስቴቱ መመሪያ ውጭ ላሉ መራጮች መታወቂያ አያስፈልግም ይል ነበር። የስቴቱ ፍርድ ቤቶች ለግሪፈን በከፊል ፈረዱ። በመጨረሻ በሜይ 2025 የፌደራል ዳኛ ሪቻርድ ማየርስ የጨዋታው ሕግ ካለቀ በኋላ ሊቀየር አይችልም ብለው ውጤቱ እንዲጸድቅ አዘዙ፤ ግሪፈንም ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ስድስት ወር ሙሉ የእነዚያ ሰዎች ድምፅ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ስቴቱ ኮፒ አያይዙ ካለ አያይዙ። የላካችሁትን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

እኛን የሚያሰናክሉን ነገሮች

ስም ቀዳሚው ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም መካከለኛ ሆኖ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የምርጫ መዝገቡ ላይ ደግሞ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል። አሜሪካ ሳለች የባሏን ስም ይዛ የተመዘገበች፣ አዲስ አበባ ስትመለስ በአባቷ ስም የምትጠራ እናትም ብዙ ናት። ቅጹ ላይ የሚጻፈው መዝገቡ ላይ ያለው ነው። ስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ምዝገባችሁን ፈልጉና እዚያ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ።

ፊርማ ይቀጥላል። እንደ ዋሽንግተን፣ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ፊርማውን መዝገብ ላይ ካለው ጋር ያስተያያሉ፤ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ከፈረማችሁት ጋር ማለት ነው። ባንክና ውልና ማስረጃ ስትመላለሱ በአማርኛ መፈረም ለምዳችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ወደ ድሮው ተመለሱ። ቀኑም በፈረንጆች ነው፤ ወር ቀድሞ፣ ቀን ተከትሎ። መስከረም 12 ብሎ አስቦ 01/12 የጻፈ ሰው ጃንዩወሪ ላይ ነው የፈረመው።

አንዳንድ ስቴት የምስክር ፊርማ ይጠይቃል። መመሪያውን አንብቡ፤ ባዶ መስመር አትተዉ። ወረቀቱን በኤ4 ማተም በአብዛኛው ችግር የለውም፤ ቢሮው ወደ ማሽኑ ወረቀት ይገለብጠዋል።

ከላካችሁ በኋላ

ስቴቶች ድምፃችሁ መድረስ አለመድረሱን በነጻ የምታዩበት መንገድ የማዘጋጀት ግዴታ አለባቸው። ከላካችሁ ከሳምንት በኋላ ገብታችሁ እዩ። «ደርሷል» ሳይሆን «ጉድለት አለው» ቢል አትደንግጡ፤ ብዙ ስቴቶች ፊርማን ለማስተካከል የተወሰነ ቀን ይሰጣሉ። ግን በኢሜይል ነው የሚነግሯችሁ። ቅጹ ላይ የጻፋችሁት ኢሜይል በየቀኑ የምትከፍቱት መሆን አለበት፤ የድሮ መሥሪያ ቤት ኢሜይል አትስጡ። ስልክ ቁጥር ስትጽፉም በአገሩ መለያ ጀምሩ፤ ኢትዮጵያ ከሆናችሁ በ251። አንዳንድ ስቴት በፖስታ ማህተም ቀን ተመርኩዞ ከምርጫው ቀን በኋላ የደረሰን ይቆጥራል፤ ይህ ግን ፍርድ ቤት የሚካሰሱበት ጉዳይ ስለሆነ አትደገፉበት። ወረቀታችሁ ኖቬምበር 3 ከመድረሱ በፊት ቢሮው ጋ መግባቱን መዝገቡ ላይ እዩ። ካላያችሁት ለካውንቲው ደውሉ፤ አዲስ አበባ ማታ ሲሆን እነሱ ቢሮ ናቸው።